31 ዲግሪ ላይ የሚጠፋው ፈሳሽ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ የተሰቀለ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ እንዳለ አስቡ። (ግፊት መለኪያ የሌለው፣ አፉ እንደ ጥቁር ቀንድ ሰፋ ያለው ነው።) ብትነቀንቁት ውስጡ ፈሳሽ ሲንቦጫረቅ ይሰማችኋል። አሁን መኪና ላይ ጫኑትና ጎዴ አድርሱት። የሲሊንደሩ ሙቀት 31 ዲግሪ ሴልሺየስን ሲያልፍ መንቦጫረቁ ያቆማል። አልፈሰሰም፤ ፈሳሽና ጋዝ የሚባል ልዩነት ራሱ ነው የጠፋው።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው በጆሮው ነው። ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር በ1822 እ.ኤ.አ. የመድፍ አፈሙዝ ውስጥ ፈሳሽና አንዲት የድንጋይ ኳስ ጨምሮ አሸገው፤ እያሞቀ አንከባለለው። ከሆነ ሙቀት በኋላ ኳሷ ፈሳሹን ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ጠፋ። እንደኔ ከሆነ በፊዚክስ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ የለም! በ1869 የቤልፋስቱ ቶማስ አንድሪውስ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ወሰን ለክቶ 31 ዲግሪ ገደማ አገኘው። ግፊቱ ደግሞ 73.8 ባር ነው። ከሁለቱም በላይ ያለው ሁኔታ ሱፐርክሪቲካል ይባላል፦ እንደ ፈሳሽ ነገር ያሟሟል፣ እንደ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል።

በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ኩርት ዞሰል በዚህ ጠባይ ከቡና ፍሬ ካፌይን ማውጣት ቻለ። (ለቡና አገር ሰው ካፌይን የሌለው ቡና ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል፤ እኔም እላለሁ።)

ነዳጅ ፈላጊዎች ግን የፈለጉት ሌላ ነበር። ከመሬት በታች ወደ 800 ሜትር ሲወረድ ሙቀቱም ግፊቱም አብዛኛውን ጊዜ ወሰኑን ያልፋሉ። በጥር 1972 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ፣ ሳክሮክ በተባለው መስክ፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ድንጋዩ መገፋት ጀመረ። ጋዙ ድፍድፉ ውስጥ ይሟሟል፤ ድፍድፉ ያብጣል፣ ይቀጥናል፣ ይፈሳል።

ሳክሮክ ግን የኖራ ድንጋይ ነው፣ ቀዳዳው ይበቃል። እንደ ሰሜን ዳኮታው ባከን ባለ ጥቅጥቅ ድንጋይ ቀዳዳው በናኖሜትር ይለካል፤ ዘይቱን ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላው መግፋት አይሞከርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጋዙን አስገብቶ፣ ጉድጓዱን ዘግቶ፣ ሰርጎ እስኪገባ መጠበቅ፣ ከዚያ በዚያው ጉድጓድ መልሶ ማውጣት ነው። ያለዚህ ብዙውን ጊዜ ከዘይቱ ከ10 በመቶ በላይ አይወጣም። ከጋዙም ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ነገር ግን የወጣው ዘይት ሲቃጠል መልሶ ጋዝ ይሆናልና፣ “አካባቢን ያጸዳል” የሚለውን ማስታወቂያ ሒሳቡን ሳታዩ አትመኑ።

ወደ እኛ እንምጣ። ኦጋዴን ውስጥ ሂላላ ላይ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ የማውጣት ሙከራ እንደሚጀመር ተነግሮ ነበር። ወደፊት አንዱ ተነሥቶ “ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጨምርበት” ቢል፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ነው። በብዛት የሚለቁት የሲሚንቶ ምድጃዎቻችን ናቸው። ሙገርና ደርባ ያሉት ሩቅ ናቸው፤ ከድሬዳዋ እንኳ ቢዘረጋ ቧንቧው ከቴክሳሱ ይረዝማል።