ለተግባር ልምምድ የሚወጣ የውጭ ዜጋ ተማሪ፦ የሆሳዕና መሥሪያ ቤቶች ምን ይጠይቁ?

በአገራችን ለተግባር ልምምድ የሚወጣ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ይዞ የሚሄደው አንዲት የትብብር ደብዳቤ ነች። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ብዙ ጊዜ ትበቃለች። ተማሪው ከደቡብ ሱዳን ወይም ከሶማሊያ ተሰድዶ የመጣ ከሆነ ግን፣ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ያለ ተቀባይ መሥሪያ ቤት «የሥራ ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው በሕግ ፊት ሠራተኛ ነው ወይስ ተማሪ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 176 የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ይደነግጋል። ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ይህ ሥርዓት የተበጀው ለቋሚ ባለሙያ እንጂ ለአንድ ሴሚስተር ለሚመጣ ተማሪ አይደለም። ያው አዋጅ በአንቀጽ 3 ለትምህርትና ለሥልጠና ሲባል የሚፈጠሩ ግንኙነቶችን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ያወጣል፤ ከዚህ የሚለየው ተለማማጅነትን ብቻ ነው። ስለዚህ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ፣ ነጥብ የሚያዝበትና አማካሪ መምህር የሚከታተለው ልምምድ የትምህርት አካል ነው፣ የሥራ ፈቃድም አይጠየቅበትም ብዬ እከራከራለሁ። ድርጅቱ ራሱ መልምሎ ደመወዝ እየከፈለ በክፍት የሥራ መደብ ላይ ካስቀመጠው ግን፣ ወረቀቱ ላይ «ኢንተርን» ቢባልም ግንኙነቱ ቅጥር ነው። ድንበሩን የሚወስነው የተማሪው መጠሪያ ሳይሆን ግንኙነቱን ማን እንደመሠረተውና ጥቅሙ ለማን እንደሆነ ነው።

በሆሳዕና ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን፣ ተማሪ ተቀባዮቿም በአብዛኛው የክልል ቢሮዎች፣ ማዘጋጃ ቤቱና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ናቸው። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ደግሞ የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ እንጂ በአዋጅ 1156 አይደለም። በተማሪና በሠራተኛ መካከል ያለው ድንበር አለመጥራቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሕክምና ተማሪዎች ከሁሉም በላይ ያውቁታል። በ2011 ዓ.ም. በአገሪቱ ሆስፒታሎች ያሉ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ አደባባይ ሲወጡ፣ ከጥያቄያቸው ሥር የነበረው ይኸው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ በሽተኛ የሚያክም ሰው እስከ መቼ ተማሪ ብቻ ይባላል? ለዜጎች ያልጠራ ጉዳይ ለስደተኛው ሊጠራለት አይችልም።

ስለ ስደተኞች ያለው ሕጋችን ረጅም መንገድ መጥቷል። ኢትዮጵያ የ1951ዱን (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት በ1969 እ.ኤ.አ. ስትቀበል፣ ስለ ሥራ ገደብና ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚናገሩትን ድንጋጌዎች እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ እንደማታያቸው አስመዝግባ ነበር። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በሁለቱም ረገድ ከዚያ አልፎ ሄዷል። ሆኖም በአንቀጽ 26 የሰጠው የመሥራት መብት የተለካው ለውጭ ዜጎች በሚሰጠው የተሻለ አያያዝ ነው፤ የተሻለ አያያዝ የሚያገኘው የውጭ ዜጋም ቢሆን ወደ ሥራ ፈቃዱ መስኮት መመለሱ አይቀርም። አዋጁ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ በየፊናው ሲናገር፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ልምምድ በስም አልጠራውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በልምምድ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው። ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይጠየቃል። ተማሪ ነው ካልን ግን ይህን ጥበቃ እናሳጣዋለን፤ የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው። በዚያ መሠረት በአንቀጽ 2028 የተቀባዩን ጥፋት ማስረዳት፣ ወይም በአንቀጽ 2069 ሥራው አደገኛ መሆኑን ማሳየት አለበት። ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ፣ ቤተሰቡ ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ ያለ ተማሪ ይህን ክርክር በማን ጉልበት ይመራል? ከሥራ ፈቃድ ነፃ ይሁን የምንል ሰዎች ለዚህም መልስ ማቅረብ አለብን።

የሀዲያና የከምባታ አንባቢ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫም ያውቀዋል። ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ኖረዋል። የዚያ አገር ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. በዋቸኑካ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች እንዳይሠሩና እንዳይማሩ የተጣለውን ጠቅላላ እገዳ ከሰብዓዊ ክብር ጋር የሚጋጭ ሆኖ አግኝቶታል። ልጆቻችን በሰው አገር የተጠቀሙበትን አስተሳሰብ እዚህ ለመጣው ተማሪ መንፈግ አይገባም።

አሠራሩ አስቸጋሪ መሆን የለበትም። አሜሪካ ለውጭ ተማሪዎች በትምህርት ላይ እያሉ ለሚያደርጉት ልምምድ ፈቃዱን የምትሰጠው በትምህርት ቤቱ ኃላፊ በኩል ነው፤ አይ-20 በሚባለው ሰነድ ላይ የአሠሪው ስምና ጊዜው ይሰፍራል። እኛም ዘንድ ከትብብር ደብዳቤው ጋር በዩኒቨርሲቲው፣ በተቀባዩና በተማሪው የሚፈረም ውል ማያያዝ ይቻላል፤ ለስደተኛ ተማሪ ግልባጩ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ይድረስ። ውሉ የልምምዱን ዓላማና የጊዜ ገደቡን፣ አበል ካለ መጠኑን፣ የአደጋ መድኑን የሚገዛው ማን እንደሆነ ይግለጽ። መድኑን ዩኒቨርሲቲው ቢገዛ እመርጣለሁ፤ ወጪው በአነስተኛ ተቋራጭ ላይ ከወደቀ በሚቀጥለው ዓመት የውጭ ዜጋ ተማሪ አልቀበልም ማለቱ ነው። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም እንዲህ ያለ ውል የያዘ ተማሪ የሥራ ፈቃድ እንደማይጠየቅ በአንድ ሰርኩላር ቢያሳውቅ፣ የሆሳዕናው የሰው ኃይል ባለሙያ ጥያቄውን ይዞ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ መጻፍ አያስፈልገውም።