የሼፊልዱ ትንሽ አሳታሚና የደቡብ ሕንዷ ጠበቃ

ሜይ 20 ቀን 2025 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን) ለንደን ውስጥ የኢንተርናሽናል ቡከር ሽልማት አሸናፊ ሲጠራ፣ የ77 ዓመቷ ሕንዳዊት ሙስሊም ባኑ ሙሽታቅ ከተርጓሚያቸው ዲፓ ባስቲ ጋር መድረክ ላይ ወጡ። 50,000 ፓውንዱን ደራሲዋና ተርጓሚዋ እኩል ተካፈሉት። ያሸነፈው «ሃርት ላምፕ» የተባለ የ12 አጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። ታሪኮቹ መጀመሪያ የተጻፉት በካነዳ ቋንቋ ነው። ካነዳ በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት የሚነገር ቋንቋ እንጂ ከሰሜን አሜሪካዋ አገር ጋር አይገናኝም። ሽልማቱ በየዓመቱ ለአንድ መጽሐፍ መሰጠት ከጀመረበት ከ2016 ወዲህ የአጭር ልቦለድ መድበል ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ብዙዎቻችን የደራሲዋን ስም ሰምተን አሳታሚውን ዘለልነው። «ኤንድ አዘር ስቶሪስ» ይባላል፤ «እና ሌሎች ታሪኮች» እንደ ማለት ነው። ቢላዋና ማንኪያ በመሥራት በምትታወቀው የእንግሊዟ ሼፊልድ የሚገኝ ትንሽ ድርጅት ነው። ተርጓሚው ስቴፋን ቶብለር መሥርቶት በ2011 የመጀመሪያ መጻሕፍቱን አወጣ። አሠራሩ የእቁብን ያህል ቀላል ነው፦ አንባቢዎች ገና ላልታተሙ መጻሕፍት አስቀድመው ይከፍላሉ፣ መጽሐፉ ሲወጣ ይደርሳቸዋል፣ ስማቸውም ከመጽሐፉ ጀርባ ይታተማል። ትልልቆቹ «አይሸጥም» ብለው የሚመልሱትን ጽሑፍ ለማሳተም አቅም የሚሆነው ይኸው ነው። የዴቦራ ሌቪ «ስዊሚንግ ሆም» በሌሎች አሳታሚዎች ተመልሶ እዚህ ከታተመ በኋላ በ2012 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ ገባ። ካራቺ የተወለደችው ካሚላ ሻምሲ በ2015 «አሳታሚዎች 2018ን ለሴት ደራሲዎች ብቻ ይስጡ» ብላ ስትጠይቅም ይህ ቤት ጥሪውን ተቀብሎ ፈጸመው።

ወደ ባኑ እንመለስ። የቤታቸው ቋንቋ ኡርዱ ነበር። በ8 ዓመታቸው ካነዳ ወደሚማሩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የገቡት ቋንቋውን በስድስት ወር ማንበብና መጻፍ ካልቻሉ እንደሚባረሩ ተነግሯቸው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መጻፍ ጀመሩ! በኋላም የከፍተኛ መደብ ወንዶች የያዙትን ሥነ ጽሑፍ የተቃወመውን «ባንዳያ» የተባለ እንቅስቃሴ ተቀላቀሉ። ጠበቃ በመሆናቸው ብሶታቸውን ይዘው ይመጡ የነበሩ ሴቶች ሕይወት ለታሪኮቻቸው መነሻ ሆኗል።

ዋጋም አስከፍሏቸዋል። በ2000 ሴቶች መስጂድ ገብተው የመስገድ መብት እንዳላቸው በመናገራቸው ማኅበረሰቡ ለወራት አገለላቸው፤ አንድ ሰው በቢላዋ ሊወጋቸው ሲሞክር ያስጣሏቸው ባለቤታቸው ነበሩ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሴቶች ይሰግዱ እንደነበር ለምናውቅ፣ በየመስጂዳችንም የእህቶቻችንን መስገጃ ማየት ለለመድን፣ ይህ ግራ ያጋባል። በታሪኮቻቸው የማይስማማ ይኖራል፤ መልሱ ግን ብዕር እንጂ ቢላዋ አልነበረም።

ታሪኮቹ የተጻፉት ከ1990 እስከ 2023 ነው። ከብዙዎቹ መካከል መርጣ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰቻቸው ዲፓ ናት። ዲፓ በታሪኮቹ ውስጥ ያሉትን የካነዳ፣ የኡርዱና የዐረብኛ ቃላት በግርጌ ማስታወሻ አላብራራችም፣ ፊደላቸውንም አላዘመመችም። አሳታሚው እንዳሉ አተማቸው፣ የለንደን ዳኞችም እንዳሉ አነበቧቸው።