የወርቅ ንጽሕናና የወርቅ ቅብ ዕቃዎች ዋጋ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆነ እንደ እንጦጦ ራጉኤል ባሉ ነባር አድባራት በሚዘጋጁ የንብረትና የቅርስ መዛግብት ላይ «ወርቅ» የሚለው ቃል ብቻውን የዕቃውን ምንነት አያስረዳም። ዕቃው ንጹሕ ወርቅ፣ ቅይጥ ወይም በወርቅ የተለበጠ ሌላ ብረት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም መዝጋቢው ሦስቱን ለይቶ ማስፈር ይጠበቅበታል።

የወርቅ ንጽሕና በካራት ይለካል። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ሲሆን፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ወርቅ ይይዛል። ቀሪው ብር፣ መዳብ ወይም ሌላ ብረት ነው። በጌጣጌጥ ላይ የሚታተሙት 875 እና 750 ቁጥሮች ይህንኑ መጠን ከሺህ ያመለክታሉ። ስለዚህ 100 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ዕቃ 75 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው።

የወርቅ ቅብ ዕቃ ግን በክብደቱ አይተመንም። የገጹ ስፋት 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ የነሐስ ዕቃ በ1 ማይክሮን ውፍረት ቢለበጥ፣ ዕቃው ምንም ያህል ቢከብድ በላዩ ያለው ወርቅ 1 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ይህን አለማጣራት የሚያስከትለው ጉዳት በ2000 ዓ.ም. ታይቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ወርቅ ውስጥ በወርቅ የተለበጠ ብረት ተገኝቶ መመለሱን ተከትሎ ምርመራ መካሄዱና ተጠርጣሪዎች በቁጥጥር ሥር መዋላቸው ይታወሳል።

የእፍጋት ልኬት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ያጋልጣል። 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ወርቅ 52 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ሲይዝ፣ ያንኑ ቦታ የሚይዝ ብረት 410 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ተንግስተን የተባለው ብረት ግን እፍጋቱ ከወርቅ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ በዚህ ዘዴ አይለይም። የኤክስሬይ መመርመሪያ መሣሪያም በዋናነት የሚያነበው የላይኛውን ገጽ ነው። በመሆኑም ለጥፍጥፍ ወርቅ ከውስጥ ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ አቅልጦ መመርመር አስተማማኝ ነው።

ቅርስ ግን በዚህ መንገድ አይፈተንም። የጥንታዊ መስቀል ወይም ዘውድ ዋጋ በታሪኩና በጥበቡ እንጂ በወርቁ መጠን ብቻ ስለማይለካ፣ መፋቅም ሆነ በአሲድ መፈተን ቅርሱን ይጎዳል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ሲመዘገብ ክብደቱን፣ ልኬቱንና ፎቶግራፉን አያይዞ፣ ንጽሕናው በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ «ወርቃማ መልክ ያለው» ብሎ ማስፈር ይመረጣል። እንዲህ ያለው መዝገብ በርክክብ ወቅት ዕቃው በሌላ ተተክቶ ቢገኝ ለማጣራት ያስችላል፤ የተረካቢውንም ኃላፊነት ግልጽ ያደርጋል።