የሥዕል ክፈፍ አቆራረጥ
የሥዕል ክፈፍ (ፍሬም) ጫፋቸው በ45 ዲግሪ ከተቆረጠ አራት እንጨቶች የሚገጣጠም የሥዕል መያዣ ነው። ሥዕል ሁሉ ግን ክፈፍ አይሻም፤ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ያለችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን የምትታወቅባቸው የግድግዳ ሥዕሎች ክፈፍ አያሻቸውም። በገበታ ላይ ከተሣሉት የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎችም የብዙዎቹ ጠርዝ ከዚያው ከአንዱ ጣውላ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። ለብቻው የሚሠራ ክፈፍ ጥራት ግን የሚወሰነው በመጋዙ ነው። የአራቱ እንጨቶች ስምንት ቁርጦች ሁሉም በግማሽ ዲግሪ ቢያንሱ ወይም ሁሉም ቢበዙ፣ የስምንቱ ስሕተት ተደምሮ በመጨረሻው ማዕዘን 4 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ መጋዙን አስቀድሞ በስኳድራ መፈተሽ ግድ ነው። ትይዩ ጎኖችም ፍጹም እኩል መሆን አለባቸው፤ ለዚህ በሜትር ደጋግሞ ከመለካት ይልቅ መጋዙ ላይ ማገጃ እንጨት አስሮ ሁለቱንም በአንድ ልክ መቁረጥ ይሻላል። በማዕዘኑ የሚቀረውን ክፍተት በኮላና በሰጋቱራ የሚሞሉ አሉ፤ ነገር ግን እንጨቱ ሲደርቅ ስንጥቁ ተመልሶ ይታያል።