መጤ ዓሣ፣ የወንዙ ነፍሳት

በባሌ ወንዞች፣ በወይብ፣ በሻያና በቶጎና፣ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። የአገሩ ተወላጅ ግን አይደለም። ስኮትላንድ ካለው የሎክ ሌቨን ሐይቅ የተጫኑ የቡናማ ትራውት እንቁላሎች እ.ኤ.አ. በ1905 ኬንያ ደረሱ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ደግሞ ቡናማውም ቀስተ ደመናማውም ትራውት ከኬንያ ወደ ባሌ መጡ።

ዓሣው መጤ ነው፤ የሚበላው ነፍሳት ግን የወንዙ ነው። ለምሳሌ ሜይፍላይ የሚባለውን እንውሰድ። አብዛኛውን ዕድሜውን በድንጋይ ስር በእጭነት ያሳልፋል። ክንፍ አውጥቶ የሚኖረው ግን ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በሁለቱ ሕይወቶች መካከል አንድ ክፉ በር አለ፦ የውኃው ገጽ።

እስቲ እናስላው። የውኃ ገጽ ውጥረት በሜትር 0.073 ኒውተን ገደማ ነው። 10 ሚሊግራም የሚመዝን ነፍሳት 1 ሴንቲሜትር ያህል የአካሉ ጠርዝ ውኃውን ቢነካ፣ ገጹ እስከ ክብደቱ 7 እጥፍ በሚደርስ ጉልበት ሊይዘው ይችላል። ለእኛ ውኃ የሆነው ለእሱ እንደ ተወጠረ ላስቲክ ነው ማለት ነው። ከቆዳው ወጥቶ ክንፉን እስኪዘረጋ መሸሽ አይችልም፤ ትራውቱም ይህንን ያውቃል።

ዓሣ አጥማጆቹ እዚህ ለመድረስ ጊዜ ወስዶባቸዋል። እንግሊዛዊው ሃልፎርድ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ መንጠቆው በላባ ተሸፍኖ ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ አስተማረ። ስኪውስ በ1910 ከገጹ በታች ያለውን እጭ መምሰል እንደሚሻል ተከራከረ፤ ክርክሩም ጠንካራ ነበር። እውነቱ ግን መሃል ላይ ነበር። ሆላንዳዊው ሃንስ ቫን ክሊንከን በ1984 ኖርዌይ ውስጥ፣ በግሎማ ወንዝ ላይ የተጎበጠ መንጠቆ አሰረ፦ ላባው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሰውነቱ ከስር ይንጠለጠላል። ልክ እንደተጣበቀው ነፍሳት!

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በጎበጠ መንጠቆ ላይ ቀጭን ክር ትጠቀልላላችሁ፣ ለሰውነቱ ትንሽ የጥንቸል ጸጉር ትጨምራላችሁ፣ ለክንፉ ደግሞ ከዳክዬ ጅራት ስር፣ ከዘይት ዕጢው አጠገብ የሚነቀል ለስላሳ ላባ። የላባው ቀጫጭን ጭራ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል።

እኔ የመጀመሪያውን ሳስር ጸጉሩን አብዝቼ ወፍራም አደረግኩት፤ ውኃ ጠጣና ሰመጠ። ሁለተኛውን በስሱ አሰርኩት። ቀለሙን ግን ከመጽሐፍ ሥዕል አልወሰድኩም፤ ከሻያ ወንዝ ድንጋይ ገልብጬ ያገኘሁትን እጭ አጠገቤ አድርጌ ነው ያሰርኩት።