ኳሱን ማን ያዘጋጃል? ከአዲስ አበባ እስከ ሃይፋ

ከሃይፋ ነው የምናወራችሁ። ዛሬ የምናነሣው ታሪክ የኳስ ነው፤ ስለ ጎል ግን አይደለም። ባሩክ ዴጎን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤሊ ዳሳም የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት ሲመራ አይተናል። የዛሬው ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሜዳውን የሚያስፈቅደው፣ መዋጮውን የሚሰበስበው፣ ዳኛውን የሚጠራው ማን ነው? የሰፈር ኳስ የሚቆየውም የሚጠፋውም በዚህ ነውና።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንናገረው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1943 ተመሠረተ። በ1944 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። አያችሁ? የአገሪቱ ሻምፒዮና ራሱ ሲጀመር የማኅበረሰቦች ውድድር ነበር። አርመኑም ግሪኩም በሰው አገር የራሱን ቡድን አቁሞ፣ ከሌላው ጋር በአንድ ሕግ ተጫወተ።

አሁን 40 ዓመት እንዝለል። 1984ን ቤታችን ውስጥ የማያውቀው የለም። በኖቬምበር የሙሴ ዘመቻ፣ ሚቭጻ ሞሼ፣ ተጀመረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 8,000 ያህል ወገኖቻችን ከሱዳን ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ደግሞ፣ ከአገራቸው የተሰደዱ ሌሎች ኢትዮጵያውያን በቴክሳስ ሂዩስተን ከተማ ተገናኝተው ኳስ ተጫወቱ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተወለደው እንዲህ ነው።

በጥቂት ቡድኖች የጀመረው ውድድር ዛሬ ከ20 በላይ ቡድኖችን ያሰባስባል። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ይካሄዳል፤ አዘጋጁ ከተማ ይቀያየራል። ቀን ኳስ ነው፣ ማታ ሙዚቃ ነው፤ በሜዳው ዙሪያ እንጀራውና ቡናው አይጠፋም። ብዙው ሰው የሚሄደው የዘመድ አዝማድ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ፍለጋ ነው። ኳሱ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል። ግን ሰበቡ ሥርዓት ነበረው፤ ፌዴሬሽኑ የአባል ቡድኖቹ ነው፣ ውሳኔውም በተወካዮቻቸው በኩል ያልፋል።

ይህ ሥርዓት የተፈተነው በ2012 ነው። ትልቁን ድጋፍ ይሰጡ ከነበሩት ባለሀብት ከሼክ መሐመድ አል አሙዲ ጋር በተያያዘ ክርክር ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ክረምት ሁለት ውድድር ሆነ፤ ፌዴሬሽኑ በዳላስ፣ ተቀናቃኙ በዋሽንግተን። ፌዴሬሽኑ ያለዚያ ገንዘብ ቀጠለ፤ በ2013ም 30ኛውን ውድድሩን በሜሪላንድ አካሄደ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ዝግጅት ያ ሰው እጁን ሲሰበስብ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከየቡድኑ የሚዋጣ ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ባለቤት አለው።

እሺ፣ ወደ ሃይፋ እንምጣ። በጁን 2019 ሰለሞን ተካ እዚሁ፣ በቂርያት ሃይም፣ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ መንገድ ላይ ወጣን። ኳስ ጥይት አይመልስም፤ እንደዚያ አንልም። ግን በቁጣ ቀን መሰባሰብ እንደምንችል አሳይተናል። የሚቀረን በሰላሙም ቀን ነው። ታናናሾቻችን ማታ ማታ የሚያውቃቸው፣ ስማቸውን የሚጠራ ትልቅ ሰው ያለበት ሜዳ ያስፈልጋቸዋል። አሠልጣኝ ማለት አንዱ እሱ ነው።

ለዚህ አዲስ ጥበብ አያስፈልግም። ወላጆቻችን እድር ሲያቋቁሙ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ሒሳቡም በሰው ፊት ይነበባል። የእኛም ውድድር እንደዚያው ይሁን። የሜዳውን ፈቃድ ከዒሪያ ቀደም ብሎ መጠየቅ፣ ማትናሱን ማነጋገር፣ ከየሽኹናው አንድ ተወካይ መያዝ፣ ከቡድኖቹ ውጭ የሆነ ዳኛ መጥራት፣ የሴቶችና የልጆች ጨዋታ ከመጀመሪያው ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት። ጨዋታውም ሻባት ላይ እንዳይውል፤ ሽማግሌዎቻችን የማይመጡበት ዝግጅት ግማሽ ነው።

በየዓመቱ ቀን ቆርጦ መሰባሰብን ከስግድ እናውቀዋለን፤ አያቶቻችን ለዚያ ቀን ከሩቅ መንደር በእግራቸው ይመጡ ነበር። ከቂርያት ሃይም እስከ ነቬ ዳቪድ ግን አውቶቡስ አለ።

ሰፈራችሁ ውስጥ ቡድን ካለ፣ በዚህ ሳምንት ገንዘብ ያዡ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከሌለ ምረጡ። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።