በአሊዩ አምባ ክረምት፣ በለንደን በጋ

ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃና አዋሽን አቋርጦ ይፋት የደረሰው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1841 ነበር። በእነሱ አገር ወሩ «ሰመር» ነው፤ ፀሐይ የሚሞቁበት። አሊዩ አምባ ላይ ግን ክረምት ገብቷል።

አሊዩ አምባ ያኔ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ደጃፍ ነበረች። ከባሕሩ ዳርቻ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት እዚህ ያርፋል። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያ የአርጎባ፣ የሐረርና የአፋር ነጋዴዎች አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና መዳብ ከቡና፣ ከእህልና ከዝሆን ጥርስ ጋር ይገበያዩ ነበር። አጠገቧ ባለችው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ የከተማዋን ሀብት የሚያወሳ ሁሉ ይህንንም ማንሳት አለበት። በማግስቱ ዓመት እንግሊዛዊው የመርከብ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ትኩሳት እያሰቃየው አሊዩ አምባ ከረመ፤ ያየውንም በ1844 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፏል።

የእነዚህ እንግዶች ቋንቋ ከወቅቶች ስም የሚያወጣው ቅጽል ወጥ አይደለም። ከ«ሰመር» «ሰመሪ» ሲወጣ ቃሉ ሳይነካ መጨረሻው ላይ ዋይ ብቻ ይጨመራል። «ዊንተር» ላይ ሲደርስ ግን ኢ የምትባለው ፊደል ትወድቅና «ዊንትሪ» ይሆናል፤ ፊደሏን ሳይጥሉ የሚጽፉም አሉ፣ የተለመደው ግን አጭሩ ነው። «ኦተም» ቅጽሉን «ኦተምናል»ን ያገኘው ከላቲን ነው። «ስፕሪንጊ» ያለ ተማሪ ደግሞ የተናገረው ስለ ወቅት ሳይሆን እንደ ሞላ ስለሚነጥር ነገር ነው፤ ለወቅቱ «ቨርናል» የሚል ሌላ የላቲን ውርስ አለ።

አማርኛ «የ»ን ከፊት አስቀድሞ ይገላገላል፦ የበልግ ገብስ፣ የመኸር ጤፍ፣ የበጋ መንገድ። «ክረምታዊ» ማለት ይቻላል፣ ገበሬ ግን አይለውም። የግብርና ባለሙያዎች የሰሜን ሸዋን ደጋ «በልግ አብቃይ» ይሉታል፤ ወቅቱን ከሚሰጠው እህል ጋር ያሰረ፣ ድንቅ ቅጽል ነው።

ችግሩ የሁለቱን ቋንቋዎች ወቅቶች ማጋጠም ላይ ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ካርል ኢዘንበርግ ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር በ1839 በዚሁ በይፋት በር ወደ ሸዋ ገብቶ ነበር፤ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ በ1841 ለንደን ላይ ታተመ። ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፦ ክረምትን በእንግሊዝኛ ምን ይበለው? በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ መፀው፣ በጋ፣ ጸደይና ክረምት ተብሎ ለአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የእንግሊዞቹም ወቅቶች አራት ናቸው። ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ክረምትን «ዊንተር»፣ በጋን «ሰመር» ማለት ቀላል ሆነ፤ ልጆችም እንዲሁ ተማሩ።

ዩኒቨርሲቲዎች ግን በሐምሌና በነሐሴ ለመምህራን የሚሰጡትን የክረምት ትምህርት በእንግሊዝኛ «ሰመር» ይሉታል። በበጋ በመስኖ የሚለማውም ስንዴ በእንግሊዝኛ ዜና «የሰመር ስንዴ» ሲባል ይሰማል። ስለዚህ አንዱ «ሰመር» ዝናብ የሚወርድበትንም፣ ሰማዩ የጠራበትንም ጊዜ ተሸክሟል። ይህ የፊደል ግድፈት አይደለም፤ አንባቢውን ዘር በሚዘራበት ወር ላይ የሚያሳስት ነው።

ከባሕሩ ዳርቻ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱ ከአሊዩ አምባ ርቆ ሄደ። ወቅቶቹ ግን እዚያው ናቸው፤ የአካባቢው ተማሪ ስለ ሐምሌ ጠዋት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ዊንትሪ»ን ትቶ «ሬይኒ» ቢል፣ በጋውንም «ድራይ» ብሎ ቢጠራው፣ የሚያየውን ሰማይ ለማያውቀው አንባቢ በትክክል ያደርሳል። መምህራንም ይህን አጻጻፍ ስህተት ብለው ነጥብ ሊቀንሱበት አይገባም።